የፈረሰኛ ውጅግራ ነው ወይስ የእግረኛው ተቆርጦ? ሳልገዛው አይታችሁ ንገሩኝ

መክፈቻ ጽሑፍ

ይህ የድሮ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች በኢንተርኔት መድረክ ላይ ያደረጉት ውይይት (ክር) ማጠቃለያ ነው። ክሩን የከፈተው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ጀማሪ ሰብሳቢ ነው። አንድ ሻጭ ሞዴል 1874 የፈረንሳይ ፈረሰኛ ካራቢን (አጠር ያለ ጠመንጃ) ነው፣ ከኢትዮጵያ የወጣ ነው፣ ዓድዋም ሳይዘምት አይቀርም እያለ አንድ ውጅግራ (አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰ የሚተኮስበት የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ) ለገበያ አቅርቧል። ጠያቂው ስድስት ፎቶ አያይዞ ማስታወቂያው ላይ ያገኘውን ዘርዝሯል። ጠቅላላ ርዝመቱ 116 ሴ.ሜ. ነው። የመዝጊያው (ጥይቱ ከገባ በኋላ በርሜሉን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) እጀታ ወደ ታች ታጥፏል፣ የሳንጃ መያዣ የለውም፣ ሁለቱም የበርሜል ቀለበቶች ብረት ናቸው፣ የመዝጊያው ቤት ላይ የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ጽሑፍና ከሥሩ ኤም 80 የሚል ምልክት አለ። ጥያቄው ሁለት ነው። እውነተኛ የፈረሰኛ ነው? ሊተኮስበትስ ይቻላል? ዋጋውን ሳይጽፍ ቀርቷል፣ ደግ አደረገ፤ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ክሩ በሦስተኛው መልስ የዋጋ ጭቅጭቅ ይሆን ነበር።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታውን አስቀድሞ ወደ ልኬቱ ገባ። የእግረኛው ውጅግራ ጠቅላላ ርዝመት 130.5 ሴ.ሜ. ነው፣ በርሜሉ 82 ሴ.ሜ.። የፈረሰኛው ካራቢን 117.5 ሴ.ሜ. ሲሆን በርሜሉ 70 ገደማ ነው። የመድፈኛው አጭር ጠመንጃ ደግሞ 99 ሴ.ሜ. አካባቢ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው 116 ከአንዳቸውም ጋር ስለማይገጥም፣ ሌላውን ከመጠየቅ በፊት የጎደለው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የት እንደሄደ ይታወቅ አለ። ጎዶሎው ከአፈሙዝ በኩል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ከሰደፍ በኩል ከሆነ ሌላ።

መልስ 2

ሁለተኛው ብዙም አልተጨነቀም። የፈረሰኛው ካራቢን የበርሜል ቀለበቶችና የቃታ ከለላ ናስ ናቸው፣ እዚህ ፎቶ ላይ ያሉት ብረት ናቸው፣ ስለዚህ የተቆረጠ የእግረኛ ነው፣ እለፈው ብሎ ዘጋው።

መልስ 3

ሦስተኛው በትሕትና ቢሆንም ሁለተኛውን አረመው። ናሱ ትክክለኛ ምልክት መሆኑን አልካደም፤ ነገር ግን ቀለበት በአንድ ካቻቢቴ የሚወልቅና የሚቀየር ዕቃ ስለሆነ ብቻውን ፍርድ አያሰጥም። ብረት ቀለበት እውነተኛውን ካራቢን ሐሰተኛ አያደርገውም፣ ናስ ቀለበትም የተቆረጠውን አያጸድቀውም። አንድ ነገር ጨመረ፣ ከክሩ ሁሉ የወደድኩትም እሱን ነው። የፈረሰኛው ካራቢን የሳንጃ መያዣ ስለሌለው ሰዎች አለመኖሩን እንደ ማስረጃ ይቆጥሩታል። የእግረኛው ውጅግራ የሳንጃ መያዣ ግን አፈሙዙ አጠገብ በስተቀኝ ስለሆነ በርሜሉ ሲቆረጥ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አለመኖሩ ምንም አይነግርም።

መልስ 4

አራተኛው ከሻጩ የሚጠየቀውን በተራ አስቀመጠ። መጀመሪያ ጎሬው (ጥይቱ የሚተኛበት ቦታ) ባዶ መሆኑ በዓይንና በጣት ይረጋገጥ። ከዚያ መዝጊያው ይዘጋና ቀጭን የእንጨት ዘንግ ከአፈሙዙ ተሰዶ የመዝጊያውን ፊት ሲነካ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። ዘንጉ ወጥቶ ሲለካ የበርሜሉ ርዝመት ይታወቃል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲህ ወዲያ ማለት ያለ ነው። ቀጥሎ አፈሙዙ ፊት ለፊት በቅርብ ፎቶ ይነሣ። ፋብሪካው የጨረሰው አፈሙዝ ከንፈሩ የተሞለሞለና እኩል ያረጀ ነው። በመጋዝ የተቆረጠው ግን ጠርዙ ስል ነው፣ ብዙ ጊዜም የሞረድ ጭረት ይቀርበታል፣ በርሜሉ ውስጥ ያሉት ጥምዝ ቦዮችም አፋቸው ላይ ሸካራ ሆነው ይታያሉ።

የፊት ማነጣጠሪያውንም አልረሳም። በርሜል የቆረጠ ሰው ማነጣጠሪያውን መልሶ መትከል ግድ ይሆንበታል። ብየዳው ዙሪያውን ቢጫ ወይም ብርማ ጥርዝ ከተወ፣ ወይም ከላይ ሲታይ ማነጣጠሪያው ከመሐል መስመሩ ፈቀቅ ካለ፣ የሠፈር ባለሙያ እጅ ገብቶበታል።

መልስ 5 እና 6

አምስተኛው ስለ እጀታው ጻፈ። የእግረኛው እጀታ ቀጥ ያለ ነው። የፈረሰኛው ወደ ታች የታጠፈው በትከሻ ሲነገት ልብስና ዕቃ እንዳይዝ ነው። ቀጥ ያለውን አግሎ ማጠፍ ግን ቀላል ሥራ ነው፣ ስለዚህ የእጀታው ሥር ይታይ። በእሳት የታጠፈ ሥሩ ላይ ይሳሳል ወይም ከውስጥ በኩል ይጨማደዳል። ስድስተኛው በዚህ ላይ ያነሣው ነገር ከመልክ ያለፈ ነው። ውጅግራ ሌላ መቆለፊያ ጥርስ የለውም፣ መዝጊያውን ቆልፎ የሚይዘው ያው የእጀታው ሥር ብቻ ነው። ሥሩን ያገለ ሰው መቆለፊያውን አለስልሶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው መዝጊያ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይተኮስበትም።

መልስ 7

ሰባተኛው ስለ ኤም 80 አብራራ። ቀልሃው ወይም ካፕሱሉ (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) ሲቀደድ ጋዙ ወደ ኋላ ተመልሶ የተኳሹን ፊት ይመታ ስለነበር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880 የመዝጊያው ቤት በስተግራ ግድግዳ ላይ የጋዝ መውጫ ቦይ ተፈለፈለ፣ ማሻሻያው የተደረገላቸውም ኤም 80 ተባሉ። ምልክቱ ኖሮ ቦዩ ከሌለ፣ ወይም ቦዩ ኖሮ ምልክቱ ከሌለ፣ ክፍሎቹ ከሁለት ጠመንጃ ተለቃቅመዋል። ከኤም 80 ቀጥሎ ኤም 14 የሚል ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እነዚያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በርሜላቸው ተቀይሮ ለ8 ሚሊ ሜትር ለበል ጥይት የተዘጋጁ ናቸው፣ የ11 ሚሊ ሜትሩን አይቀበሉም። የጠያቂው ላይ ይህ ምልክት የለም።

መልስ 8

ስምንተኛው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ጠመንጃ ያለ ፈቃድ ነጋዴ በቤት አድራሻ መቀበል ወንጀል ነው ብሎ ጠያቂውን አስፈራራው።

መልስ 9

ዘጠነኛው በአጭሩ አረመው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ባለው ጊዜ የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ተብሎ ከተራው የጠመንጃ ሕግ ውጭ ነው። የሚታየው ጠመንጃው የተሠራበት ዓመት እንጂ የሞዴሉ ስም አይደለም፤ ውጅግራ ግን ብዙውን ጊዜ ፈተናውን በቀላሉ ያልፋል። የየስቴቱ ሕግ ስለሚለያይ የራስህን ስቴት አይተህ ግዛ አለው። ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም አስታወሰ። የሚያስቅ ማስታወሻ ነው፣ ግን ከዚህ በፊት 1898ን በእኛ ቆጥሮ የተከራከረ ሰው ስለነበር አልፈርድበትም።

መልስ 10

አሥረኛው ዘጠነኛው ቸኩሏል ብሎ አንድ ጥንቃቄ ጨመረ። ስለ አጭር በርሜል ያለው የፌዴራል ሕግ ጥንታዊ የሚለውን ጠበብ አድርጎ ነው የሚተረጉመው። እንደዚህ ያለ የቀልሃ ጥይት የሚጎርስ መሣሪያ ከሆነ ከ1899 በፊት መሠራቱ ብቻ አይበቃም። ጥይቱም አሜሪካ ውስጥ መመረቱ ያቆመና በተራ ገበያ በቀላሉ የማይገኝ መሆን አለበት። ስለዚህ በርሜሉ ከ40.6 ሴ.ሜ. ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ66 ሴ.ሜ. በታች የተቆረጠ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ያጣራ። ባለ 70 ሴንቲ ሜትሩን ካራቢን አይመለከተውም። ስምንተኛው ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 11 እና 12

ክሩ እዚህ ላይ ከመንገዱ ወጣ። አሥራ አንደኛው ይህ ካራቢን ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ ካመጣቸው አንዱ ሊሆን ይችላል አለ። አሥራ ሁለተኛው ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። ራምቦ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ወደ ሸዋ ያደረሳቸው ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃዎች ለብቻው በሚገጠም ካፕሱል የሚተኮሱ፣ አውሮፓ ውስጥ ጊዜ ያለፈባቸው ርካሽ መሣሪያዎች ነበሩ እንጂ ውጅግራ አልነበሩም። ማስታወቂያው ላይ ያለውን የዓድዋ ወሬም አብሮ መታው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ውጅግራ በብዛት እንደነበረ የታወቀ ነው። ከዓድዋ በኋላም ግን ውጅግራ ሲሸጥና ሲለወጥ ኖሯል፣ በሁለተኛው የጣሊያን ወረራ ጊዜም ከአርበኞች እጅ አልጠፋም። ብረቱ ላይ የዘመቻ ስም አይጻፍም፤ ለወሬው የሚከፈል ገንዘብ የለም አለ። ቃሉ ይጠነክራል፣ ይዘቱ ላይ ግን የሚነቀፍ አላገኘሁም።

መልስ 13

አሥራ ሦስተኛው ሁለቱን ለማብረድ ይመስላል፣ የፈረሰኛው ካራቢን ወደ ውጭ ገበያ የወጣበትን ምክንያት አነሣ። የፈረንሳይ ፈረሰኛ ጦር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1890 የበርቲየርን 8 ሚሊ ሜትር ካራቢን ስለተቀበለ ውጅግራው ትርፍ ሆነ። የስታየር ፋብሪካ ስም ያለበት ውጅግራ ያየ ሰው ሐሰተኛ ነው ብሎ እንዳይጥለውም አሳሰበ፤ ኦስትሪያ ውስጥ ለግሪክ ጦር በብዛት ተሠርቷል። ለጠያቂው ጉዳይ አይጠቅምም፣ ላነበበው ግን ጥሩ ነው።

መልስ 14

ጠያቂው ከሻጩ ዘጠኝ አዲስ ፎቶና ልኬቱን ይዞ ተመለሰ። በርሜሉ በዘንግ ሲለካ 70 ሴ.ሜ. ከጥቂት ሚሊ ሜትር ሆነ። አፈሙዙ የተሞለሞለ ነው፣ ማነጣጠሪያው ዙሪያ የብየዳ ጥርዝ አይታይም፣ የእጀታው ሥርም ሙሉ ነው። ቀለበቶቹ ወልቀው በተነሣው ፎቶ ግን እንጨቱ በስተቀኝ በኩል ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ በሌላ ዓይነት እንጨት የተደፈነ ጎድጓዳ አለው። በርሜሉና እንጨቱ መካከል ደግሞ ከፊት በኩል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ይታያል።

መልስ 15

ክሩን የፈታው ይህ መልስ ነው። ሁለተኛው በርሜሉ ተቆርጧል ሲል ተሳስቷል፣ የተቆረጠው እንጨቱ ነው። የተደፈነው ጎድጓዳ የእግረኛው ቀለበት መያዣ ሞላ የነበረበት ቦታ ነው፤ እንጨቱ ሲያጥር ቀለበቱ ወደ ኋላ ተስቦ ለሞላው አዲስ ቦታ ተፈለፈለ፣ አሮጌው ተደፈነ። ክፍተቱም የመጣው ለእግረኛው በርሜል የተፈለፈለ እንጨት ላይ የካራቢን በርሜል ስለተኛበት ነው። ቀለበቶቹ ብረት የሆኑት ከእንጨቱ ጋር አብረው ስለመጡ ነው። ባጭሩ ብረቱ የፈረሰኛ ነው፣ እንጨቱ የእግረኛ።

የጎደለውን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩልም አገኘው። የሰደፉ ብረት ከላይ ወደ እንጨቱ የሚገባው ምላሱ ጎድጓዳውን አይሞላም፣ የድሮዎቹ የብሎን ቀዳዳዎችም በእንጨት ችንካር ተደፍነዋል። የሰደፉ ጫፍ በስብሶ ወይም ተሰንጥቆ ተላግቷል፣ ብረቱም ወደ ፊት ተገፍቶ እንደገና ታስሯል። ለማረጋገጥ በርሜሉ፣ መዝጊያውና እንጨቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ይነጻጸሩ፤ በርሜሉና መዝጊያው አንድ ሆነው እንጨቱ ብቻ ቢለይ አይገርመኝም አለ።

መልስ 16

ጠያቂው ቁጥሮቹን ጻፈ፣ እንደተባለውም ሆኑ። ሁለተኛው መላሽ ብቅ ብሎ አሁንም የፈረሰኛ ካራቢን ተብሎ መሸጥ የለበትም አለ። ሦስተኛው በዚህ ተስማማለት። ማስታወቂያው የእንጨቱን መቀየር መግለጽ ነበረበት፣ ዋጋውም በዚያ ልክ መውረድ አለበት። ለአንድ አፍታ ሁለቱ አንድ ወገን ሆኑ።

መልስ 17

አሥራ ሰባተኛው ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ተኩሱን፣ አነሣ። የ11 ሚሊ ሜትሩ ጥይት ጥቁር ባሩድ ከማግኘት ችግር ነው፣ ዘመናዊውን ጭስ አልባ ባሩድ ቀነስ አድርጎ መሙላት ይቻላል ብሎ መጠን ጭምር ጻፈ። መጠኑን እዚህ አልደግመውም።

መልስ 18

የክሩ ስለታም መልስ ይህ ነው። አሥራ ስምንተኛው ያንን መጠን የጻፈ ሰው ወይ ውጅግራ አላየም ወይ የሰው ዓይን አያሳዝነውም ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ምክንያቱን አስቀመጠ። የፋብሪካው ጥይት 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድና ወረቀት የተጠቀለለበት 25 ግራም እርሳስ ነበር፤ በእግረኛው በርሜል ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ለዚያ የተሠራ ትልቅ ቀልሃ ውስጥ ጥቂት ጭስ አልባ ባሩድ ሲገባ አብዛኛው ባዶ ይቀራል። ባሩዱ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ስለሚተኛ ግፊቱ ከጥይት ጥይት ይለያያል። በስሕተት ሁለቴ ቢሞላም አይፈስስም፣ አይታይምም። ከዚያ ሁሉ ጋር መቆለፊያው የእጀታው ሥር ብቻ መሆኑን ስድስተኛው ጽፎት እያለ ያላነበበ ሰው ምክር ባይሰጥ ይሻላል አለ።

ቁጣው ሲበርድ የሚጠቅመውንም ጻፈ። መተኮስ የሚፈልግ ሰው ጥቁር ባሩድ ብቻ ይጠቀም፣ በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ባዶ ቦታ አይተው። የዛሬ ቀልሃ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የድሮው መጠን ላይገባበት ይችላል፤ አነሰ ብሎ ባሩድ መቀየር ግን አይሆንም። ከዚያ በፊት ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል በርሜሉ ውስጥ በዘንግ እየተገፋ አልፎ በካሊፐር (የወፍረት መለኪያ) ይለካ። የአንዱ በርሜል ልክ ለሌላው ስለማይሆን እርሳሱ የሚመረጠው በተገኘው ልክ ነው። መርፌው፣ የመዝጊያው ራስና ቀልሃ ጎታቹም በጠመንጃ ባለሙያ ሳይታዩ አይተኮስ።

መልስ 19

ጠያቂው መተኮሱን ተወው። መዝጊያው እንዴት እንደሚፈታ ብቻ ጠየቀ፣ አሥራ ዘጠነኛውም ነገረው። የመዝጊያው ቤት በስተቀኝ ያለው ትልቅ ብሎን መዝጊያው እንዳይወጣ የሚያግደው ነው። በልኩ በሆነ ካቻቢቴ ጥቂት ዙር ወደ ኋላ ይላላል፣ ሙሉ በሙሉ መውጣት የለበትም። ቃታው ተስቦ ተይዞ መዝጊያው ወደ ኋላ ሲሳብ ይወጣል። ከዚያ የመዝጊያው ራስ ዞሮ ወደ ፊት ይነቀላል። መርፌው ጫፉን እንጨት ላይ ተደግፎ ሞላው ሲጨመቅ ከኋላ ያለው ትንሽ ማያያዣ ብቅ ይላል፣ በጎን ተስቦ ይወጣል። ሞላው ጠንካራ ነው። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሰው አንድ እጁን ሲለቅ ማያያዣው ይፈናጠርና ከጠረጴዛ ሥር ይጠፋል። በጨርቅ ተሸፍኖ ቢሠራ ይሻላል።

ብሎኑ ከዛገ በጉልበት አይታገል። ዘይት ጠብ ተደርጎበት አንድ ቀን ይደር። የብሎኑ ጥርስ አንዴ ከተላጠ የሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል፣ ምትክ ብሎንም በቀላሉ አይገኝም።

መልስ 20

ስለ ጽዳት ነው። ዝገቱ በዘይትና በናስ ሽቦ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ይወልወል። የሚሽከረከር የብረት ብሩሽና ኮምጣጤ የብረቱን የዕድሜ መልክ ከነጽሑፉ ይበሉታል። እንጨቱ በአሸዋ ወረቀት አይነካ። ሰደፉ ላይ በስተቀኝ ያለው ክብ የፋብሪካ ማኅተም በአንድ ቀን ፍግፈጋ የሚጠፋ ነገር ነው። ቆሻሻው በእርጥብ ጨርቅ ከተነሣ በኋላ ስስ የተልባ ዘይት ይበቃዋል። አንገቱ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ወይም በእርጥቡ ተሰፍቶ የደረቀ ቆዳ ካለ አይፈታ። ጥገናው የመሣሪያው ታሪክ ከመሆኑም ሌላ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀውን አንገት አንድ ላይ የያዘው እሱ ነው።

መልስ 21

አዲስ አበባ ነኝ ያለ አንባቢ ቤታቸው ስለተሰቀለ ውጅግራ ጠየቀ፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ ብሎ። የመለሱለት ሁለት ሰዎች ያሉት አንድ ነው። የአሜሪካው የ1898 ደንብ እዚያ አይሠራም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ መሣሪያውን ከቦታው ከማንቀሳቀሱ በፊት ፖሊስ ጠይቆ ይረዳ።

መልስ 22

አንድ ሰው የአንበሳ ማኅተም ያለበት ሌላ ውጅግራ ፎቶ ለጠፈና ማኅተሙ የጥንት ይሁን አይሁን ጠየቀ። አሥራ አምስተኛው መላሽ ማኅተሙን በማጉያ መነጽር እንዲያየው ነገረው። የድሮ ማኅተም ጠርዙ ደንዝዟል፣ የዝገቱ ጉድጓዶችም ከውጭ ተነሥተው ማኅተሙን አቋርጠው ያልፋሉ። በቅርቡ የተመታው ጉድጓዶቹን ይደፈጥጣቸዋል፣ ጠርዙ ላይም ብረቱ ወደ ላይ ገፋ ይላል። በፎቶ ብቻ ግን አልፈርድም አለ። ፎቶውን የለጠፈው ሰው አልተደሰተም።

መልስ 23

የክሩ ባለቤት ተመለሰ። ልኬቱንና የእንጨቱን ነገር ለሻጩ ሲልክለት ሻጩ ማስታወቂያውን አርሞ ዋጋውን ቀንሷል፣ እሱም በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል በሚል ውል ገዝቶታል። አሁን ትክክለኛውን የካራቢን እንጨትና የናስ ቀለበቶች ይፈልጋል። ሦስተኛው መላሽ ናስ ነው ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ በማግኔት ይሞከር፣ በናስ ቀለም የተነከረ ብረት አለ ብሎ አስጠነቀቀው። እንጨቱ ቢገኝም አሮጌውን አትጣለው፣ ለብቻው አስቀምጠው አለ።

መልስ 24

ሁለተኛው መላሽ፣ ያ እለፈው ያለው፣ ናሱ ከተገኘ የብረት ቀለበቶቹን ይሸጥለት እንደሆነ ጠየቀ። የእግረኛ ውጅግራው የፊተኛው ቀለበት ጎድሎታል።